አንድሩ ማይናርስኪ ጓደኛውን ለማዳን ያደረገው ጥረት ከንቱ ነበርን?

ጥያቄ፦ የታሪክ ተማሪ

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሠራተኞች ሳነብ የካናዳዊው የአንድሩ ማይናርስኪ ታሪክ ከልቤ አልወጣ አለኝ። እሳት በያዘ ላንካስተር በተባለ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ውስጥ መውጫ ያጣውን ጓደኛውን፣ የኋላ መትረየስ ተኳሹን ፓት ብሮፊን ለማስለቀቅ ሲታገል በደረሰበት ቃጠሎ ሞተ፤ ብሮፊ ግን ከአውሮፕላኑ ጋር ተከስክሶ እንኳ ተረፈ። ብሮፊ መውጣት ያቃተው ለምንድን ነው? ማይናርስኪስ ወዲያው ቢዘል ኖሮ ሳይተርፍ አይቀርም ነበርና ድካሙ ከንቱ ቀረ ማለት ነውን?

መልስ፦ የአቪዬሽን ወዳጅ

በመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር። የላንካስተር የኋላ መትረየስ ተኳሽ የሚቀመጠው በጅራቱ ጫፍ ባለ ጠባብ ተሽከርካሪ ክፍል ውስጥ ነው፤ ፓራሹቱም ከዚያ ክፍል ውጭ፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ይሰቀላል። ክፍሉን የሚያዞረው የሃይድሮሊክ (የፈሳሽ ግፊት) ኃይል ከግራ ሞተሮች ከአንዱ የሚመጣ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1944 ሌሊት፣ በፈረንሳይ የካምብሬን የባቡር ጣቢያ ለመደብደብ ሲበሩ፣ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን የግራ ሞተሮቹን ሲመታ ክፍሉ ባለበት ደርቆ ቀረ፤ የብሮፊ መውጫም ተዘጋ። ብሮፊ በእጅ ሊያዞረው ሲሞክር መዘውሩ ተሰበረበት። ማይናርስኪ ለመዝለል በሩ ላይ ደርሶ ሳለ ይህን አየና በእሳቱ መካከል እየዳኸ ሄደ፤ በመጥረቢያም፣ በባዶ እጁም ታገለ። ልብሱና ፓራሹቱ ሲቀጣጠሉ ብሮፊ ተወኝ ብሎ በምልክት ነገረው። ፊቱን ወደ ጓደኛው እንዳደረገ ወደ ኋላ እየዳኸ በሩ ዘንድ ደረሰ፤ ከዚያም ቀጥ ብሎ ቆሞ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠና ዘለለ።

መልስ፦ አንባቢ

ስለ ሰውየውም ጥቂት ልጨምር። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1916 በዊኒፔግ ከተማ ከፖላንድ ከመጡ ስደተኛ ወላጆች ነው። አባቱ ሲሞት ገና ወጣት ስለነበር ቤተሰቡን ለመርዳት ቆዳ ቆራጭ ሆኖ ይሠራ ነበር። ወደ ካናዳ አየር ኃይል የገባው በ1941 ሲሆን፣ ሲሞት ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። ብሮፊ መኮንን፣ እርሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ባለ ማዕረግ የነበረ ቢሆንም የልብ ወዳጆች ነበሩ፤ ወደ ኋላ የተመለሰበትንም ሁኔታ ያለዚህ ወዳጅነት መረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ የታሪክ ተማሪ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ግን ሁለቱ ብቻ በነበሩበት የሆነው ነገር እንዴት ታወቀ?

መልስ፦ የአቪዬሽን ወዳጅ

የመሰከረው ራሱ ብሮፊ ነው። አውሮፕላኑ ሲከሰከስ ክፍሉ ተገንጥሎ እርሱን ወደ ውጭ ወረወረው፤ ማይናርስኪን ደግሞ መሬት ላይ ያገኙት ፈረንሳውያን ናቸው፤ ነገር ግን ቃጠሎው ጸንቶበት ሞተ። ሌሎቹ የአውሮፕላኑ ሠራተኞች ሁሉ ተርፈዋል። ብሮፊ የጓደኛውን መሞት የሰማው ወራት ቆይቶ፣ እንግሊዝ አገር ከተመለሰ በኋላ ነበር፤ የእርሱ ቃል ተሰምቶም በኦክቶበር 1946 የብሪታንያ ከፍተኛው የጀግንነት ኒሻን የሆነው ቪክቶሪያ ክሮስ ለማይናርስኪ ከሞት በኋላ ተሰጠው።

ስለዚህ «ከንቱ» የሚለውን ቃል አልቀበለውም። ብሮፊን ያተረፈው የአደጋው አጋጣሚ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ማይናርስኪ ግን የወሰነው ብሮፊ በራሱ ሊተርፍ እንደሚችል በማያውቅበት ሰዓት ነው፤ ልንመዝነውም የሚገባን ያን ጊዜ በሚያውቀው ልክ ነው። በቦምበር ኮማንድ፣ ማለትም በብሪታንያ አየር ኃይል የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ዕዝ ስር ከተሰለፉት ወደ 125,000 ከሚጠጉ የበረራ ሠራተኞች ከ55,000 በላይ ሞተዋል፤ የብዙዎቹን የመጨረሻ ደቂቃ የሚነግረን ሰው አልተረፈም። የማይናርስኪ መቃብር በሰሜን ፈረንሳይ በሜሃሪኩር መንደር ይገኛል። በካናዳ ሃሚልተን ያለው፣ ዛሬም የሚበር ላንካስተር ደግሞ የእርሱን አውሮፕላን መለያ ፊደላት ይዞ በስሙ ይጠራል።