ለጾም ቀን ግብዣ በእጅ የሚበላ ምን ላቅርብ?

ጥያቄ፦
በመጪው ቅዳሜ ሃያ ያህል ጓደኞቼን ቤቴ ጠርቻለሁ። ዕለቱ ጾም ውስጥ ስለሚውል፣ እንግዶቹ ቆመው እየተጨዋወቱ በእጃቸው የሚበሉት፣ ወጪው የማይከብድና አስቀድሞ ሊሰናዳ የሚችል ነገር ብትጠቁሙኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
የምስር ሳምቡሳን የሚያህል የለም። እርጥበት ያለው ምስር ሊጡን አርሶ ዘይት ውስጥ ስለሚቀደድ፣ ፍሬው ሳይፈርስ ከእሳት አውጥተው ውኃውን በሚገባ ያጥልሉት። ሽንኩርቱንና ቃሪያውን በደቃቁ ከትፈው ጥሬውን በቀዘቀዘው ምስር ላይ ይጨምሩ፤ ጠርዙንም በውኃ በተበጠበጠ ዱቄት ያጣብቁት። ዓርብ ማታ ጠቅልለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስቀመጡት ቅዳሜ የሚቀርዎት መጥበስ ብቻ ነው።

መልስ 2፦
ማጥቀሻም ያስፈልጋል። እኔ አዚፋን እመርጣለሁ፤ የተቀቀለውን ድፍን ምስር በሹካ ዳመጥ ዳመጥ አድርጌ በስናፍጭ፣ በሎሚ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ እለውሰዋለሁ። ስናፍጩ አፍንጫ ድረስ ካልተሰማ ግን አዚፋ አልለውም። ለማጥቀሻ ዳቦ አይግዙ፤ የተረፈ እንጀራ ተቆራርጦ ምጣድ ላይ ሲደርቅ ኩርሽም ኩርሽም የሚል ግሩም መያዣ ይሆናል።

መልስ 3፦
ዳቦ ቆሎም አይዘንጋ። ዱቄቱን በዘይት፣ በጨው፣ በጥቂት ስኳርና በበርበሬ ጠንከር አድርገው አቡክተው፣ እንደ ገመድ አድቦልቡለው፣ በሽንብራ ፍሬ መጠን ቆራርጠው በለዘብተኛ እሳት ያምሱት። በደንብ ከደረቀና ከተከደነ ብዙ ቀን ስለሚቆይ ዛሬውኑ ሊጀምሩት ይችላሉ። ልጆች የሚመጡ ከሆነ በርበሬ የሌለበትን ለብቻው ይሥሩላቸው።