«ስያሜያችን በራሱ ማንነታችን ነው» በተባለው ላይ

የማራኪ እናት፦ ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጎንደር ቤተ ክርስቲያን ባቋቋመችው የልጄ ትምህርት ቤት፣ የጠዋቱ ጸሎት ለምን እንደቀረ ወላጆች ስንጠይቅ፣ ርእሰ መምህሩ «ስያሜያችን በራሱ ማንነታችን ነው» ብለው መለሱልን። አንጀቴ ነው ያረረው። በሩ ላይ የቅዱስ ስም ተጽፎ ውስጡ ከሌላው የግል ትምህርት ቤት የማይለይ ከሆነ፣ ልጄን ወደዚያ የወሰድሁት ለምንድን ነው?

የአዘዞ መምህር፦ እህቴ፣ በርእሰ መምህሩ አይፍረዱ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ንኡስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ያዝዛል። ሥርዓተ ትምህርቱም የመንግሥት ነው። ለቤተ ክርስቲያኒቱ የቀረላት ስያሜው ነው።

የበአታ ደቀ መዝሙር፦ መምህር፣ «የቀረላት ስያሜው ነው» የሚለውን አልቀበልም። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ደግሞስ ስያሜ መቼ ማንነት ሆኖ ያውቃል? የአብነት ትምህርት መጀመሪያ በሆነው በንባብ ቤት ልጁ ፊደል ከለየ በኋላ ንባብ የሚለማመደው በመልእክተ ዮሐንስ ነበር፤ ዳዊት ደገመ የተባለ ልጅ ማንበብ የቻለ ልጅ ነበር፤ ሃይማኖቱ በንባቡ ውስጥ እንጂ ለብቻው በተመደበ ክፍለ ጊዜ አልነበረም። አቋቋም፣ ማለትም በጸናጽልና በመቋሚያ የሚቀርበውን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ ለመማር ከሩቅ አገር ወደ እኛ የአብነት ትምህርት ቤት፣ ወደ በአታ፣ የሚመጣውም ተማሪ የየኔታን አጿጿም፣ አቋቋምና ትዕግሥት እያየ ያድጋል። በራችን ላይ ሰሌዳ የለንም፤ ምን ቤት እንደሆነ ግን የሚጠይቀን የለም።

የአዘዞ መምህር፦ የአብነት ትምህርት ቤትን እኔም አከብራለሁ። ይሁን እንጂ አንቀጽ 27 የሚናገረው ስለ እናንተ ቤት እንጂ ልጆችን ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስለሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት አይደለም። ሁለቱን አንድ ማድረግ ነገር ማምታታት ነው።

የአዲስ ዓለም ወላጅ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ልጄም እዚያው ይማራል። መምህራኑ ልጅን እንደ ልጃቸው ስለሚይዙ ነው ያስገባሁት። ጸሎታቸውን በግልጽ ቢያደርሱና ልጄን ባያስገድዱ ቅር አይለኝም፤ የሚያሳስበኝ ያልተነገረኝ ነገር ነው። «ስያሜያችን ማንነታችን ነው» ሲሉኝ ግን ምን ተቀብዬ ምን እንደተውሁ አላውቅም።

የማራኪ እናት፦ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የእኔም ጥያቄ ይኸው ነው። በጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ታቦተ ሚካኤልን ለመሸኘት ከተማው ሁሉ ሲወጣ የእኛ ልጆች ለማካካሻ ትምህርት ተጠርተዋል። ይህንንም ሕገ መንግሥቱ ነው ያዘዘው?

የአዘዞ መምህር፦ የባከነ ክፍለ ጊዜ መካካስ ነበረበት።

የበአታ ደቀ መዝሙር፦ በጥምቀት ሰሞን፣ ያውም በጎንደር? የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ የሚል መምህር ቀኑን ሲመርጥ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይገባ ነበር። እኔ የምለው ይህንኑ ነው፤ ማንነቱ ያለው በሚያስተምረውና በሚወስነው ሰው ዘንድ ነው።

የአዘዞ መምህር፦ እንግዲያው መምህር ስንቀጥር ንስሐ አባቱን ልንጠይቅ ነው? የፊዚክስ መምህር ማግኘቱ ራሱ አስቸግሮናል።

የማራኪ እናት፦ ጸሎቱም የበዓላቱ ቀንም ለወላጅ በጽሑፍ እንዲገለጽ የሚጠይቅ ደብዳቤ አዘጋጅቻለሁ። የሚፈርም ወላጅ ያሳውቀኝ።

የአዲስ ዓለም ወላጅ፦ እፈርማለሁ።

የአዘዞ መምህር፦ እኔ አልፈርምም።