የማሳያ ሳጥኑ በጀት ጸደቀ፤ የሚቀጥለውን ዓመት ማን ይከፍላል?

የበጀት ኮሚቴ አባል፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአካባቢያችን ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ አባል ነኝ፤ ሙያዬ ሒሳብ እንጂ ቅርስ አይደለም። በመጋዘን ተቆልፈው የኖሩት ቅርሶቻችን (የብር ጌጣጌጥ፣ የብራና መጻሕፍትና አንድ ጥልፍ ካባ) ለሕዝብ ይታዩ ተብሎ ለመስታወት ሳጥኖች የካፒታል በጀት ጸደቀ። ሁሉም አጨበጨበ። «መደበኛ በጀቱስ?» ብዬ ብጠይቅ «ሳጥን ምን ይበላል?» ተባልኩና ተሳቀብኝ። ይባስ ብሎ አንድ አባል ከዕቃዎቹ አንዱን ሸጠን በገንዘቡ ሌላውን እናሳይ አሉ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

የዕቃ ቤት ጠባቂ፦
ሳጥን ይበላል፤ ያውም ዕቃውን። እኔ በምሠራበት ቤት አናጢ ያሳመረው ሳጥን መጣልን፤ ውስጡ በቀይ የሱፍ ጨርቅ ተለብጧል። ብሩን ደርድረን አስመረቅን። ዓመት ሳይሞላ የአንገት ጌጡ እንደ ከሰል ጠቆረ። ሱፍ ድኝ አዘል ትነት ያወጣል፤ ያ ብርን ያጠቁራል። በወለወልነው ቁጥር ደግሞ ከብሩ ላይ ትንሽ ይነሣል፤ ዛሬ የጌጡ ቅርጽ በጣት ቢዳሰስ እንኳ በደንብ አይለይም። እንጨቱም የዋህ አይደለም፤ ኦክ ከሚባለው ዛፍ እንጨትና ከተጨመቀ ጣውላ የሚወጣው የኮምጣጤ አሲድ እርሳስ የተባለውን ብረት ይበላል።

ለካባውና ለብራናው ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ባይበልጥ ይመከራል። ጎብኚ «አምፖሉ ተቃጥሏል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም፤ ይበል። የብርሃን ጉዳት ይጠራቀማል እንጂ ማታ መብራት ስለጠፋ አይሽርም። ስለዚህ ካባው ጥቂት ወራት ታይቶ ወደ ጨለማው ይመለስና ሌላ ይተካ። የሚያመላልሰው ግን ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ደመወዝ ይበላል። መደበኛ በጀትዎ ይኸው።

ከሩቅ ተመልካች፦
ስለ ሽያጩ ልናገር። በእንግሊዝ የኖርዝሃምፕተን ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ሴኬምካ የተባለውን ጥንታዊ የግብፅ ሐውልት ለሙዚየም ማስፋፊያ በሚል በ15.76 ሚሊዮን ፓውንድ በጨረታ ሸጠ። ለሙዚየሞች ዕውቅና የሚሰጠው የእንግሊዝ የጥበባት ምክር ቤትም የሙዚየሙን ዕውቅና ነጠቀ። ሐውልቱም ከአገር ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የተገኘውን የስታፎርድሻየር የወርቅ ክምችት ግን የበርሚንግሃምና የስቶክ ኦን ትሬንት ከተሞች በሕዝብ መዋጮና በድጋፍ ገንዘብ በ3.285 ሚሊዮን ፓውንድ በጋራ ገዝተው ሁለቱም አሳይተውታል። ጎረቤት ምክር ቤት ካላችሁ አስቡበት። ደግሞ ያው በርሚንግሃም እ.ኤ.አ. በ2023 በጀቱን ማመጣጠን እንዳቃተው በይፋ አስታውቋል፤ የጋራ ንብረትም ቢሆን ዓመታዊ ወጪው በጽሑፍ ይያዝ።

የበጀት ኮሚቴ አባል፦
አመሰግናለሁ። የጨረታ ሰነዱን ገለጥሁት፤ «ውስጡ በቀይ ጨርቅ የተለበጠ» ይላል! የጨርቁ ዓይነት አልተጻፈም። ጨረታው ገና አልወጣም።

የዕቃ ቤት ጠባቂ፦
እንኳን አልወጣ። የጨርቁንና የጣውላውን ናሙና ያስመጡ። እያንዳንዱን ለብቻው ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ቁራጭ ጋር ጥቂት ውሃ ባለበት ብልቃጥ አሽገው በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 28 ቀን ያቆያሉ። ናሙና የሌለበት አንድ ብልቃጥም ለማነጻጸሪያ ይኑር። ከዚያ ብረቶቹ ጠቁረው ወይም ተበልተው እንደሆነ ለማየት ብልቃጦቹን ኮሚቴው ፊት ይክፈቷቸው፤ ሳጥን ምን እንደሚበላ የጠየቁት አባልም ከፊት ይቀመጡ።