የ2019 ጾመ ነነዌ ጥር 15 ነው ወይስ የካቲት 15? ባሕረ ሐሳብን ለሰንበት ተማሪዎች ስለ ማስረዳት

መምህርት ዘሰንበት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለመካከለኛ ክፍል ሰንበት ተማሪዎች ባሕረ ሐሳብ (የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ማውጫ ስሌት) እናስተምራለን። የስሌቱን መነሻ ቁጥሮች፣ ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ ማውጣት አላስቸገራቸውም፤ ማካፈል የሚችል ሁሉ ይደርስበታል። የሚሰናከሉት ከዚያ በኋላ ነው። የ2019ን ነነዌ አውጡ ሲባሉ ግማሹ ጥር 15፣ ግማሹ የካቲት 15 አሉ። ሁለቱም ወገን መባጃ ሐመሩን (ነነዌ የሚውልበትን የወሩን ቀን ቁጥር) 15 ነው ያገኘው። ሕጉን በቃል ከማስያዝ ሌላ ስሕተታቸውን ራሳቸው የሚይዙበት መንገድ አለ ወይ?

ሁለተኛው ጥያቄ የአንድ ልጅ ነው። ሳምንት 7 ቀን ሆኖ ሳለ የቅዳሜ ተውሳክ (በመጥቅዕ ላይ የሚደመረው የዕለቱ ቁጥር) እንዴት 8 ሆነ? «ሊቃውንት እንዲህ ሠሩት» ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም።

አቡሻኽር

ሰላም እኅቴ። ትክክሉ የካቲት 15 ነው። ሰሌዳ ላይ እንዲህ ጻፊላቸው።

ዓመተ ዓለም 5500 + 2019 = 7519። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 14 ይተርፋል። አንዱ ለዘመን ተብሎ ሲቀነስ ወንበር 13። 13 × 11 = 143፣ በ30 ሲገደፍ (30፣ 30 እየተቀነሰ ትርፉ ሲያዝ) አበቅቴ 23። 13 × 19 = 247፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 7። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ ወደ ፊት አይሂዱ፤ ስሕተቱ እዚያው ነው።

አሁን ወሩ። መጥቅዕ ከ14 በላይ ሲሆን በዓለ መጥቅዕ (የመጥቅዕ ቁጥር የሚያሳየው ቀን) በመስከረም፣ ከ14 በታች ሲሆን በጥቅምት ይውላል። 14 ራሱ በ19ኙ ወንበር ውስጥ አንድም ጊዜ አይወጣም፤ ስለዚህ «14 ቢሆንስ?» ለሚል ልጅ መልሱ ቀላል ነው። የመስከረም መጥቅዕ ነነዌን ወደ ጥር፣ የጥቅምቱ ወደ የካቲት ይወስዳል። የመስከረሙ ከተውሳክ ጋር ተደምሮ ከ30 ካለፈ ግን ትርፉ የካቲት ላይ ይወድቃል። 2017 እንዲህ ነበር፦ መጥቅዕ 29፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ ተውሳክ 4፣ ድምሩ 33፤ ነነዌ የካቲት 3 ዋለ።

ልጆቹ የተለማመዱት በ2017ና በ2018 ከሆነ የሁለቱም መጥቅዕ በመስከረም ነው (29 እና 18)። ጥቅምት የገባበት ዓመት ሳያዩ «መነሻው ጥር ነው» ብለው ይይዙታል። ለልምምድ 2016ን ጨምሪላቸው፤ መጥቅዑ 10 ነው።

ዕለቱን ለማግኘት 7519ን ለ4 ሲያካፍሉ 1879 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ ዘመነ ሉቃስ። 7519 + 1879 = 9398፣ ለ7 ሲካፈል ትርፉ 4። 1 ሲተርፍ ማክሰኞ ተብሎ ስለሚጀመር 4 ዓርብ ነው። መስከረም 1 ዓርብ ከሆነ ጥቅምት 1 እሑድ፣ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ይሆናል። ተውሳኩ 8፤ 7 + 8 = 15።

ልብ በይ፣ ጥር 15 ያሉት ልጆችም የጥቅምት 7ን ዕለት በትክክል አግኝተዋል። መስከረም 7 ብለው ቢነሡ ኖሮ ሐሙስ፣ ተውሳክ 3፣ መባጃ ሐመር 10 ይመጣባቸው ነበር። የተሳሳቱት መጨረሻዋ እርምጃ ላይ ብቻ ነውና ከመጀመሪያው እንዲጀምሩ አታድርጊያቸው።

መፈተኛው ሁለት ነው። ነነዌ ከሰኞ አይወጣም፤ የ2019 ጥር 15 ደግሞ ቅዳሜ ነው። ሁለተኛ፣ ነነዌ ከጥር 17 አይቀድምም፣ ከየካቲት 21 አያልፍም። ጥር 15 በየትኛውም ዓመት ሊሆን አይችልም።

ደቀ መዝሙር

የ8ቷን ነገር ልሞክር። ከመስከረም አንድ ቀን እስከ ጥር ተመሳሳይ ቀን 120 ቀን አለ፤ ከጥቅምት እስከ የካቲትም እንዲሁ። 120 ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ስለዚህ መጥቅዕ ቅዳሜ ከዋለ ከአራት ወር በኋላ ያው ቀን እሑድ ነው፤ ዓርብ ከዋለ ቅዳሜ ይሆናል።

ተውሳክ ከዚያ ቀን ተነሥቶ ሰኞን የሚያገናኝ ቁጥር ነው። ዓርብ 2፣ ሐሙስ 3፣ ረቡዕ 4፣ ማክሰኞ 5፣ ሰኞ 6፣ እሑድ 7። ቅዳሜ ላይ 1 ቢደመርም ሰኞ ይገኝ ነበር፤ ነገር ግን ተራው ከ2 ስለሚጀምር አንድ ሳምንት ተገፍቶ 8 ሆነ። ቅዳሜን 1 የሚል ልጅ ነነዌን ሰኞ ያገኛታል፣ ግን ሳምንት ቀድሞ። የ2019ን የካቲት 8 ይላታል ማለት ነው። የሰኞው መፈተኛ ይህችን አይዝም፤ ስለዚህ ጠንቀቅ ይበሉባት።

ከነነዌ በኋላ ላሉት በዓላት በ30 የተገደፈውን ተውሳክ ሳይሆን ሙሉውን ቀን ቢሰጧቸው ይሻላል፦ ዐቢይ ጾም 14፣ ደብረ ዘይት 41፣ ሆሣዕና 62፣ ስቅለት 67፣ ትንሣኤ 69፣ ዕርገት 108፣ ጰራቅሊጦስ 118። ከየካቲት 15 ተነሥተው 69 ቢቆጥሩ ሚያዝያ 24 ላይ ይደርሳሉ። «ትንሣኤ 9» (69 በ30 ተገድፎ) ብቻ የያዘ ልጅ ወሩን ይስታል።

መምህርት ዘሰንበት

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ የ120ዋ ነገር ለክፍሉ ትበቃለች። አንዲት ቀረችኝ፦ ለ19 ተካፍሎ ምንም ካልተረፈ፣ ወይም 1 ብቻ ተርፎ እሱም ለዘመን ከተቀነሰስ?

አቡሻኽር

ምንም ካልተረፈ 19 እንደተረፈ ተቆጥሮ አንዱ ይቀነሳል፤ ወንበር 18። 2024 እንዲህ ነው፤ መጥቅዑ 12። 1 ሲተርፍ ወንበር አልቦ (ባዶ) ይሆናል፤ አበቅቴም አልቦ፣ መጥቅዕ ግን 30 ነው እንጂ ዜሮ አይባልም። 2025 ይህ ይገጥመዋል፤ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 30 ይውላል።

ቀሲስ ዘገጠር

ስሌቱን ከዮናስ አትነጥዪው፣ ልጄ። ቅዱስ ድሜጥሮስ፣ 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት፣ ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ሆሣዕናና ትንሣኤ ከእሑድ፣ ስቅለት ከዓርብ እንዳይወጡ ተመኝቶ ሱባኤ ገባ ይላል ትውፊታችን። አንድ ሱባኤ 7 ቀን ነውና 23 ሱባኤ 161 ቀን ነው፣ በ30 ሲገደፍ 11፤ 7 ሱባኤ 49 ቀን ነው፣ ሲገደፍ 19። ልጆቹ የሚያባዙባቸው ሁለቱ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ከዚያ ዮናስ ምዕራፍ 3ን አስነብቢ። በዕብራይስጡ 40 ቀን፣ በሰብዓ ሊቃናት 3 ቀን ስለሚል ልጆች የተለያየ ሕትመት ይዘው ከመጡ ክርክር ይነሣል፤ ቀድመሽ ተዘጋጂበት።

ዘስደት

ከአገር ውጭ የአጥቢያ ካላንደር ለምታሳትሙ፦ 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ናት፣ 2020 የሚገባውም ሴፕቴምበር 12 ነው። የ2020 ነነዌ ጥር 29 ነው፤ ቀኑን ከፈረንጅ ቀን ጋር በ2019 ማመሳከሪያ ብታገናኙት ፌብሩዋሪ 6 ይመጣል፣ እሑድ። ትክክሉ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2028 ነው። ልደትም በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ጃንዩወሪ 7ን አይለቅም። ከፌብሩዋሪ 29 በኋላ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 8፣ ኤፕሪል 16። ስለዚህ ትንሣኤውን ብቻ አይታችሁ ካላንደሩን ለማተሚያ ቤት አትስጡ፤ ነነዌንም ፈትሹ።