መድኃኒት ቤቶች የጋራ መዝገብ እንዲይዙ ይገደዱ ወይ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። መድኃኒት ቤት ሁሉ የሚሰጠውን መድኃኒት በታካሚው ስም ኮምፒውተር ላይ እንዲመዘግብ፣ ሌሎች መድኃኒት ቤቶችም እንዲያዩት በሕግ ይገደድ? በሉ እንግዲህ።

ሌሊት ተረኛ፦ ይገደድ እንጂ! ፋርማሲስት ነኝ። ሰውዬው ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ሌላ ቦታ ይወስዳል፣ ጥርሱን ሲያመው ደግሞ እኔ ጋ መጥቶ ኢቡፕሮፌን ስጪኝ ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ የመድማት አደጋው ከፍ ይላል። ሌላ የምትወስደው አለ ስለው «ኧረ ምንም»፤ ለዓመታት የለመደውን ኪኒን እንደ መድኃኒት አይቆጥረውማ። ታዲያ ምን አይቼ ልከልክለው?

ስሜ ይቅር፦ ዋርፋሪኑን እዪ፣ ማን ከለከለሽ። የድብርት ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስደውስ? እ.ኤ.አ. በ2018 ሲንጋፖር ውስጥ ሲንግሄልዝ የሚባለው የሆስፒታሎች ድርጅት ሲጠለፍ የ1.5 ሚሊዮን ሰው መረጃ ነው የተሰረቀው። የ160 ሺህ ያህሉ ደግሞ የተሰጣቸው መድኃኒት ሳይቀር ወጥቷል፣ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትርም አሉበት። እነሱ ካልቻሉ ሌላውማ ተይው።

ሌሊት ተረኛ፦ ማን መቼ እንደከፈተው ይመዘገባል እኮ። ኢስቶኒያ ውስጥ ታካሚው ራሱ ገብቶ መዝገቡን ማን እንዳየበት ያያል።

ስሜ ይቅር፦ ካዩት በኋላ ቢያውቅ ምን ሊጠቅመው?

ኮድ ጸሐፊ፦ ሁለታችሁም መዝገቡ ልክ ነው ብላችሁ ነው የምትከራከሩት። ሃይድራላዚን የደም ግፊት ነው፣ ሃይድሮክሲዚን የማሳከክ። «ሃይድ» ብለህ ስትጽፍ ሁለቱም ዝርዝሩ ላይ ተጠጋግተው ይመጣሉ፣ ጣትህ አንድ መስመር ከሳተ አለቀ። የእጅ ጽሑፍ ካልተነበበ ቢያንስ ትጠራጠራለህ፣ ይሄኛው ግን ስህተቱንም ጥርት አድርጎ ነው የሚያትመው፤ የጋራ ሲሆን ደግሞ ስህተቱ ታካሚው በሄደበት መድኃኒት ቤት ሁሉ ይከተለዋል።

ባለ መደብሯ፦ ማስጠንቀቂያውን ረሳኸው። ለማይረባው ሁሉ ቀይ መስኮት ብቅ ይላል፣ ሰልፍ እየጠበቀሽ ሳታነቢ «እለፍ»ን መጫን ይለመዳል። ከዚያ አንድ ቀን አንቲባዮቲኩ ክላሪትሮማይሲን ከኮሌስትሮል መድኃኒቱ ከሲምቫስታቲን ጋር ይመጣል፣ እሱንም እለፍ! ይሄኛው ጡንቻ የሚያፈርስ፣ ኩላሊት የሚጎዳ ነው። ብዙ የሚጮህ ሳይሆን መርጦ የሚጮህ ሲስተም ስጡኝ። ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ብግነት በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚወሰደው፣ «በየቀኑ» ተብሎ ከገባ ሊገድል ይችላል። እዚያ ላይ ካላስቆመኝ ምን ይሠራልኛል? ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ደግሞ እስካሁን አንድም ሰው አልተናገረም።

ስሜ ይቅር፦ ጃፓኖች የመድኃኒት ደብተር አላቸው። በታካሚው እጅ ነው፣ ለፈለገው ያሳያል፣ አሁን በስልክም አለ። ይሄ ምን አነሰው?

ሌሊት ተረኛ፦ ቤት ረስቶት ይመጣላ!

ኮድ ጸሐፊ፦ እኔ እንዲህ እላለሁ። በየመድኃኒት ቤቱ መመዝገቡ ግዴታ ይሁን፣ ማጋራቱ ግን በታካሚው ፈቃድ። ሆላንድ ውስጥ ታካሚው ካልፈቀደ ለሌላ መድኃኒት ቤት አይከፈትም።

ሌሊት ተረኛ፦ እሺ፣ ባለ ዋርፋሪኑ አልፈቅድም አለ፣ ኢቡፕሮፌኑን ሰጠሁት፣ ደማ። ተጠያቂው ማን ነው?

ባለ መደብሯ፦ ፈቃድ የከለከለበት ማስታወሻ ስክሪንሽ ላይ ይታያል ወይስ ባዶ ገጽ ነው የምታዪው? እሱን መጀመሪያ ንገሩኝ። ባዶ ገጽ ከሆነ ምንም አይወስድም ብለሽ ልትሰጪው ነው።