ፍላፕ 13 ዲግሪ የሚባል ነገር አለ እንዴ?

ጓዳ ፓይለት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ማታ ሙሉ ሽቦ ስፈታና ስቀጥል ነው ያመሸሁት። አሁን እጅ ሰጥቼ መጣሁ።

ቤት ውስጥ የሠራሁት ኮክፒት ባለ አንድ ሞተር ነው። ሲሙሌተሩ (በኮምፒውተር የሚያበረኝ ፕሮግራም) ኤክስ-ፕሌን 12 ነው፤ አውሮፕላኑ አብሮት የሚመጣው ሴስና 172 ኤስፒ፣ ባለ ክብ ጌጆቹ (ባለ መርፌ መለኪያዎቹ)። ጌጆቹን በሌላ ስክሪን ላይ የሚያሳይልኝ ራሱን የቻለ የፓነል ፕሮግራም አለኝ። የፍላፑን (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚወርደውን ክፍል) ሌቨር ከእንጨት ቀርጬ አራት ማረፊያ አወጣሁለት፦ 0፣ 10፣ 20፣ 30። ከሥሩ ፖቴንሽዮሜትር (ሌቨሩ የት እንዳለ የሚለካ፣ ባጭሩ ፖት) አለ፤ አርዱዊኖ የሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ያነበዋል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ሌቨሩን 10 ላይ ሳደርገው ፓነሌ 13 ይላል። 20 ላይ 27። እስከ መጨረሻው ሳወርደው 40! ከውጭ በካሜራ ሳየው ግን ፍላፑ በሥርዓቱ ነው የሚወርደው። ፖቱ ነው ብዬ ቀየርኩት። ያው። ሽቦው ነው ብዬ ሶልደሩን አንስቼ እንደገና በየድኩት። አሁንም ያው። ያተረፍኩት የተቃጠለ ጣት ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ፍጥነቱ አይገጥምም፤ ሲሙሌተሩ 100 ሲል እኔ ጋ 115 ይላል። ነዳጁማ ጭራሽ ያስቃል። ታንኩን ሞልቼ ተነሳሁ፣ አንድ ሰዓት ከምናምን በረርኩ፣ መርፌው ሙሉ ላይ እንደተገተረ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ማን ይጠላል፣ ግን ልክ አይደለም።

አርፒኤሙ (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ግን ከሲሙሌተሩ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ፓነሉ ላይ ያለው የአውሮፕላን ሴቲንግ ደህና ነው ብዬ ትቼዋለሁ። «ሴስና 172» የሚለውን ነው የመረጥኩት። አዎ፣ ስሮትሉም (የሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ) አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ይቆየን። ከየት ልጀምር?

ባለ ስድስት ጌጁ፦

ሶልደሩን አስቀምጠው ወንድሜ። ሽቦህ ምንም አላጠፋም።

40ን ለ3 አካፍለው። 13.3 ይመጣል። እጥፉ 26.7 ነው። ኤክስ-ፕሌን የፍላፕ ሌቨሩን ቦታ የሚልከው ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ነው። የአንተ የመጀመሪያ ማረፊያ አንድ ሦስተኛው ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ወደ ዲግሪ የሚቀይረው ፓነልህ ነው። የሚያባዛው ደግሞ ሴቲንጉ ውስጥ ለዚያ አውሮፕላን በተጻፈው ሙሉ ፍላፕ ነው። አንተ ጋ የተጻፈው 40 ነው።

40 ዲግሪ የሚወርደው የድሮው 172 ነው። ከ172ፒ ጀምሮ፣ ማለትም ከ1981 ሞዴል ወዲህ፣ 30 ላይ ያቆማል። አሁን ፍጥነቱን እየው። አንድ ኖት 1.15 ማይል በሰዓት ነው። ፓነልህ በማይል እየቆጠረልህ ነው፤ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የሴስና ጌጅ ዋና ቁጥሩ በማይል ነበር። ነዳጁም የዚያው ዘመን ነው። የ172ኤም መደበኛ ታንክ በድምሩ 42 ጋሎን ነው፣ በየክንፉ 21። የ172ኤስ፣ ማለትም የአንተው ኤስፒ፣ 56 ነው፣ በየክንፉ 28። ሲሙሌተሩ 28 ሲልክለት የአንተ ጌጅ 21 ላይ ያልቅበታል። በየክንፉ 7 ጋሎን እስክታቃጥል ድረስ መርፌው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ሞተሩ በሰዓት 9 ጋሎን ቢበላ እንኳ፣ ከሁለቱም ታንክ ስለሚጠጣ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል። አንተ ትንሽ ብትታገስ ኖሮ ሲወርድ ታየው ነበር።

ያሳሳተህ አርፒኤሙ ነው። የሁለቱም ሞተር ቀይ መስመር (የዙሩ ጣሪያ) 2700 ላይ ነው፤ የተሳሳተውንም ብትመርጥ ይገጥማል።

ጓዳ ፓይለት፦

አበስኩ ገበርኩ! ከፍቼ አየሁት። ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት 172 አለ። እኔ የመጀመሪያውን ጠቅ አድርጌ ወጣሁ፤ ከጎኑ ያለችውን «ኤም» ልብ አላልኳትም። ሁለተኛው ግን ስሙ ብቻ ነው ያለው፣ ውስጡ ባዶ ነው። እንግዲህ ያለውን ልጠግነው? 40ውን 30፣ ማይሉን ኖት፣ 21ዱን 28 ብል ይበቃኛል?

ሽቦ ለሽቦ፦

አይበቃም። መጀመሪያ የኤሙን ፋይል ኮፒ አድርገህ ሌላ ስም ስጠው፣ ከዚያ ኮፒው ላይ ሥራ። ዋናውን ከነካካህ አንድ ቀን ፕሮግራሙ አፕዴት ሲያደርግ ሁሉንም ጠራርጎ ይወስድብሃል። ደርሶብኛል።

ሁለተኛ፣ ማይሉን ወደ ኖት ስትቀይር የሚቀየረው መርፌው ነው። በፍጥነት ጌጁ ዙሪያ ያሉት፣ የፍጥነት ገደቦችን የሚያሳዩት ቀለሞች ለብቻቸው የተጻፉ ናቸው፤ በማይል እንደነበሩ ይቀራሉ። እኔ ይህን ረስቼ ለሳምንት ያህል አረንጓዴ ውስጥ ነኝ እያልኩ ቢጫው ውስጥ ስወርድ ነበር። ለ172ኤስ ነጩ (የፍላፑ) ከ40 እስከ 85 ኖት ነው። አረንጓዴው (የመደበኛው በረራ) ከ48 እስከ 129። ቢጫው (የጥንቃቄው) ከ129 እስከ 163፣ ቀዩም (የማይታለፈው) እዚያው 163 ላይ።

ቁጥሩን ከየት ላምጣ የሚለው ላይ ሰው ይጣላል። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፦ ቀለሞቹን ከእውነተኛው አውሮፕላን ማኑዋል እወስዳለሁ፤ የፍላፕ ማረፊያዎችንና ታንኩን ግን ከሲሙሌተሩ ሞዴል። ሲሙሌተሩ ማኑዋል አያነብም። ሞዴሉ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ከኤክስ-ፕሌን ጋር የሚመጣው ፕሌን ሜከር የሚባል የአውሮፕላን መሥሪያ ፕሮግራም አለልህ፤ አውሮፕላኑን በሱ ክፈትና እያየህ ጻፍ። ሴቭ እንዳታደርግ ብቻ! ለማየት ገብተህ አይተህ ውጣ።

28 ስትል ደግሞ አስብበት። 56 ጋሎን የሚባለው ጠቅላላው ነው፤ ሞተሩ ሊጠቀምበት የሚችለው 53 ነው። ጌጁ የትኛውን እንዲያሳይህ እንደምትፈልግ ወስን።

ጓዳ ፓይለት፦

ሠራ! 10፣ 20፣ 30። ፍጥነቱም ከሲሙሌተሩ ጋር እኩል ነው። ነዳጁን 26.5 አልኩት፤ ከመሬት ተነስቼ ብዙም ሳልቆይ መርፌው ሲንቀሳቀስ ሳይ ደስ አለኝ፤ ነዳጅ ሲያልቅ ደስ የሚለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የቀረው ስሮትሉ ነው። ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ስቤው እንኳ ሞተሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ 700 አካባቢ መርጋት ሲገባው እስከ 1000 ይዘላል።

ዝምተኛው ኮፓይለት፦

አርዱዊኖህ ሊዮናርዶ የሚባለው ዓይነት ነው?

ጓዳ ፓይለት፦

አዎ። እንዴት አወቅክ?

ዝምተኛው ኮፓይለት፦

ሊዮናርዶ ለኮምፒውተሩ ጆይስቲክ መስሎ መታየት ይችላል። ኮድህ ውስጥ የጆይስቲክ መስመር ካለ፣ ፓነልህ በአንድ በኩል ስሮትሉን ያነባል፣ ኤክስ-ፕሌንም በሌላ በኩል በቀጥታ ያነበዋል። አንዱን ስሮትል ሁለት ሰው ይዞ እየተጓተተ ነው። ኤክስ-ፕሌን ውስጥ የጆይስቲክ ሴቲንግ ገብተህ ያንን አክሲስ (የስሮትሉን መስመር) ምንም እንዳይሠራ አድርገው። ኤክስ-ፕሌን ለእያንዳንዱ አውሮፕላን የተለየ ፕሮፋይል መያዝ ስለሚችል፣ ሌላ አውሮፕላን ስትከፍት ተመልሶ እንዳይመጣብህ እየው።

ከዚያ የፖቱን ጫፎች ለካ። አርዱዊኖው ከ0 እስከ 1023 ነው የሚያነበው፤ የአንተ ሌቨር ግን ሁለቱንም ጫፍ አይነካም። የምታገኛቸውን ሁለት ቁጥሮች ትንሽ ወደ ውስጥ አስገብተህ ፓነሉ ላይ ጻፋቸው።

ጓዳ ፓይለት፦

የጆይስቲክ መስመሩ አለ። ኮዱን ከሌላ ቦታ ገልብጬ ሳመጣው አብሮ የመጣ ነው። ኤክስ-ፕሌን ላይ ዘጋሁት። ጫፎቹ 38 እና 991 ሆኑ፤ 45 እና 985 ብዬ ጻፍኩ። አሁን ሞተሩ ጸጥ ብሎ ይሠራል።

ያወጣሁትን የፍላፕ ፖት ደግሞ ለካሁት፤ ምንም አልሆነም። ለሚክስቸሩ (ለነዳጅና አየር ድብልቅ ሌቨሩ) አደርገዋለሁ።