የወንዙ ፕሮፖዛል፣ ሦስተኛ ረቂቅ፦ አስተያየት እስከ ዓርብ

ፀሐፊ፦ ዋናው ሐሳብ አልተነካም። ከድልድዩ እስከ መታጠፊያው በእግር ሄደን ወደ ወንዙ የሚገባውን ቱቦ ሁሉ እንቆጥራለን። ከየት እንደሚመጣ እንጽፋለን። ከዚያ ውኃውን እንለካለን። ቆሻሻ መልቀሙን አምና አይተነዋል። ሦስት ቅዳሜ ለቀምን፣ አንድ ዝናብ መለሰው።

ገንዘብ ያዥ፦ ለመለኪያው የተመደበው ቦታ ባዶ ነው። ቁጥር ሳይገባበት አልፈርምም። የአምናው ጓንት ሒሳብም አልተወራረደም።

መኪና አጣቢው፦ "ቱቦ" ስትሉ ማንን እንደሆነ አይጠፋኝም። እኔ ዘይት ማስቀሪያ ጉድጓድ ካስቆፈርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ከእኔ በላይ ያሉት መጸዳጃቸውን ከዝናብ ውኃ መውረጃው ጋር ቀጥለውታል። ሌሊት የሚሸተው ሳሙና ነው እንዴ?

ፀሐፊ፦ ጋሼ፣ ሁሉም ይጻፋል ነው የተባለው።

መኪና አጣቢው፦ እንግዲያው ከእነሱ ይጀመር።

ሥዕሉን የያዘችው፦ የሽፋኑን ልኬያለሁ። ሰማያዊ ውኃ፣ መሐሉ ላይ ዓሣ።

የታችኛው ሰፈር ተወካይ፦ ዓሣ? በየትኛው ወንዝ?

ሥዕሉን የያዘችው፦ ምኞት ነዋ።

የታችኛው ሰፈር ተወካይ፦ ፕሮፖዛል ምኞት አይደለም። ሰው መጥቶ አንድ ዓሣ አሳዩኝ ቢል ምን ልንል ነው?

ላብራቶሪ የሚሠራው፦ ስለ መለኪያው ልበል። ቱቦው አፍ ላይ ብቻ ብትለኩ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ። ውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚጨርሱት ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋሉ። ዝቅ እያላችሁ በተለያየ ርቀት ለኩ። ሰዓቱም ከጠዋቱ 12 ይሁን። ቀን ቀን አልጌው ኦክስጅን ስለሚያመርት ውኃው ጤነኛ ይመስላል፣ ሌሊት ግን እሱም ኦክስጅን ይጠቀማል። በሊትር ከ5 ሚሊግራም በላይ ካገኛችሁ ደህና ነው። ከ2 በታች ከወረደ አብዛኛው ዓሣ አይተርፍም።

የታችኛው ሰፈር ተወካይ፦ ይኸው! ዓሣ አይተርፍም ብሏል።

ነባር አባል፦ አባቴ እዚያው ድልድይ ስር ያጠምድ ነበር። ዓሣ የለም የሚለው ትናንት የመጣ ነው።

የታችኛው ሰፈር ተወካይ፦ ትናንት? 19 ዓመት መዋጮ ከፍዬ?

ነባር አባል፦ ደረሰኙን እንይ።

ገንዘብ ያዥ፦ ደረሰኝ ውስጥ አታስገቡኝ።

መምህሩ፦ የለንደኑን ቴምዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ሞቷል ብለውት ነበር። አሁን ዓሣ አለበት። የመለሰው ሥዕል አይደለም፤ የፍሳሽ ማጣሪያዎቹን ስላሻሻሉ ነው። ስለዚህ ዓሣው ይቆይ፣ ቱቦውም ይቆጠር።

የታችኛው ሰፈር ተወካይ፦ እኛ ቴምዝ ነን?

ሰብሳቢ፦ ይብቃ። ሁለት ቀን በዓሣ አለቀ።

የአትክልተኞች ተወካይ፦ ማዳበሪያ ታጥቦ አልጌ ያበዛል የሚለው አንቀጽ ይውጣ። ዳር ዳሩን ሣር እንተክላለን ብለናል፣ እሱ ያስቀረዋል።

ፀሐፊ፦ ሣሩ የታለ?

ነባር አባል፦ ተጋንኖ ከሆነ ይቅርታ። ደረሰኝ ያልኩት በንዴት ነው።

የታችኛው ሰፈር ተወካይ፦ እሺ። ዓሣው ግን ይውጣ።

ሰብሳቢ፦ ቅዳሜ 12 ሰዓት ለቆጠራው ማን አለ?

መምህሩ፦ አለሁ።

ነባር አባል፦ እኔም፣ ጉልበቴ ከፈቀደ።

መኪና አጣቢው፦ እመጣለሁ። ራሴ ነው የማስቆጥረው።

ፀሐፊ (ቅዳሜ፣ 12፡40)፦ ድልድዩ ላይ ብቻዬን ነኝ።

ፀሐፊ (ቅዳሜ፣ 2፡15)፦ አራት ቆጠርኩ። ሦስተኛው ሙቅ ነው፣ እንፋሎት ይወጣዋል። ስሩ ያለው ድንጋይ በግራጫ ነገር ተሸፍኗል፤ እርጥብ ሱፍ ነው የሚመስለው። በእንጨት ስነካው ተገፎ ወረደ።

ላብራቶሪ የሚሠራው፦ እሱ የፍሳሽ ፈንገስ የሚባለው ሊሆን ይችላል፣ ስሙ ነው እንጂ አብዛኛው ባክቴሪያ ነው። እሱ ባለበት የሚበላው ቆሻሻ በገፍ ይገባል ማለት ነው። ፎቶ አንሺው።

መምህሩ፦ ልጅ አሞብኝ ነው።

ሰብሳቢ፦ አራተኛው ረቂቅ ተያይዟል። ርዕሱ "የወንዝ ዳር ማስዋብ" ሆኗል፣ ለጋሽ ቶሎ ይገባዋል። ቆጠራው ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ተዛውሯል። የመለኪያው በጀት ለቲሸርት ይሁን ተብሏል፤ ገንዘብ ያዧም ተስማምታለች።

ፀሐፊ፦ ማን ነው "ተብሏል" ያለው?

ሥዕሉን የያዘችው፦ ዓሣውን አውጥቼ ወፍ አድርጌበታለሁ።

የታችኛው ሰፈር ተወካይ፦ ምን ዓይነት ወፍ?